የወንጀል ሕግ አማርኛና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፤ ስለ ስያሜውና ስለ ቃል አቀባበሉ የቀረበ ሒስ

በሕግ ጽሑፎቻችን፣ በክርክር መዛግብትና በትርጉም ሥራዎች ውስጥ አንድን ዐይነት ሰው ለመግለጽ እየተፈራረቁ የሚገቡ አራት ስያሜዎች አሉ፤ «የአእምሮ ሕመምተኛ»፣ «የአእምሮ ጉድለት ያለበት»፣ «የአእምሮ ዘገምተኛ» እና «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት»። አራቱንም በአንድ ገጽ ላይ እንደ ተመሳሳይ ቃላት የሚጠቀም ጸሐፊ ማግኘት አያስቸግርም። አንድን ቃል ላለመደጋገም ሲባል ስያሜን ማፈራረቅ በልብ ወለድ ድርሰት ውበት ሊሆን ይችል ይሆናል፤ በሕግ ጽሑፍ ግን የሰው ዕጣ መቀየር ነው። በመጀመሪያው ስያሜ የተጠራ ተከሳሽ ወደ ሐኪም ይላካል፤ «ከመቼ ጀምሮ ታመመ? ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰዓት ሕመሙ ተነሥቶበት ነበርን? ይድናልን?» ተብሎ ይጠየቃል። በአራተኛው ስያሜ ሊጠራ የሚገባውን ሰው ግን ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱም አይመለከተውም። አልታመመም፤ ስለዚህም የሚነሣበትና የሚተወው ነገር የለም፤ የሚድንበትም መንገድ የለም። ነገሮችን የመረዳት፣ የማመዛዘንና የዕለት ኑሮን በራስ የመምራት ችሎታው ከልጅነቱ ጀምሮ የተወሰነ ሆኖ ያደገ ሰው ነው።

ይህ ሒስ በሁለት ነገሮች ላይ ያተኩራል። አንደኛው፣ የሕጋችን አማርኛ ይህን ሰው ከሕመምተኛው ለይቶ የሚጠራበት ጽኑ ስያሜ አለማበጀቱ ነው። ሁለተኛው፣ በእኔ አስተያየትም ከባዱ፣ ሕጉ የሰውየውን ሁኔታ የሚመረምረው ስለ ፈጸመው ድርጊት ሲጠይቅ እንጂ ስለ ሰጠው ቃል ሲጠይቅ አለመሆኑ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው አስቀድሞ ቃሉን በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ስለ ሆነ ነገሩ የሕግ ሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የቋንቋ ባለሙያዎችና የተርጓሚዎችም ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ «አእምሮ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በግእዝ «አእመረ» ዐወቀ ማለት ሲሆን «አእምሮ» ማወቅ፣ ዕውቀት፣ ማስተዋል ነው፤ «ማእምር» ደግሞ ዐዋቂ። ቃሉ በመነሻው የድርጊት ስም እንጂ በራስ ቅል ውስጥ ያለ ነገር መጠሪያ አልነበረም። በዛሬው አማርኛ ግን አእምሮ ማሰቢያው ራሱ ሆኗል፤ ይጨነቃል፣ ይታወካል፣ ይታመማል፣ ይታከማል። «አእምሮውን ሳተ» ያለ ሰው አበደ ማለቱ ነው። «የአእምሮ ጉድለት» የሚለውን ሐረግ አንድ የግእዝ ሊቅ ቢሰማው የማወቅ መጉደል ብሎ በትክክል ይረዳው ይሆናል። የዛሬ ዳኛ ወይም መርማሪ ግን «አእምሮ» የሚለውን ቃል ገና ሲሰማ ሐሳቡ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ «አእምሮ» ያለበት ስያሜ ሁሉ፣ የቀረው ክፍሉ ምንም ይሁን ምን፣ ወደ ሕመም ያዘነብላል።

አስገራሚው ነገር የሕዝቡ ንግግር ይህን ስሕተት የማይሠራ መሆኑ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ገበሬ «አበደ»፣ «ቀወሰ»፣ «ለየለት» ይላል፤ እነዚህ ሁሉ ግሦች ናቸው፤ ትናንት ያልነበረ ነገር ዛሬ መድረሱን ይናገራሉ። «ጅል»፣ «ቂል»፣ «ተላላ» ሲል ግን ቅጽሎች ናቸው፤ መጀመሪያ ያለው ክስተት ሳይሆን ነባር ጠባይን ያመለክታሉ። በእርጅና ምክንያት ማስተዋሉ ለደከመ ሰው ደግሞ «ጃጀ» የሚል ሦስተኛ ቃል አለው። ጅሉን አበደ የሚል፣ ያበደውንም ጃጀ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። እርግጥ እነዚህ ቃላት ስድብ አዘል በመሆናቸው ለሕግም ለሕክምናም አይበጁም፤ ማንም እንዲያነሣቸው አልመክርም። ዳሩ ግን ልዩነቱ በቋንቋው ውስጥ መኖሩን ይመሰክራሉ። «አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል የለውም» እያሉ የሚያማርሩ ተርጓሚዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

አሁን ይህን የሦስት ክፍል ልዩነት በ1952 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 339 ጋር እናስተያይ። ሕጉ በፈረንሳዊው ሊቅ በረኔ ዳቪድ የተረቀቀ ሲሆን፣ በዚህ አንቀጽ አንድ ሰው የድርጊቱን ውጤት ለመረዳት የማይችለው በቂ ዕድገት ባለማግኘቱ፣ በአእምሮ በሽታ ወይም በእርጅና ምክንያት ከሆነ እንደ እብድ ይቆጠራል። ሦስቱ ምክንያቶች በትክክል ተዘርዝረዋል፤ ገበሬው ሦስት ቃላት ያበጀላቸው ሦስቱ ናቸው። ሕጉ ግን ሦስቱንም በአንድ ርእስ ስር ጨፍልቆ እብደት አላቸው። የአንቀጹ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ደካማ አእምሮ ያላቸውን፣ ሰካራሞችንና ገንዘብ አባካኞችን እንደ ነገሩ ሁኔታ ከነዚሁ ጋር ያመሳስላቸዋል። የንብረት አስተዳደርን ለመጠበቅ ሲባል ይህ ጭፍለቃ የሚያመጣው ጉዳት አነስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሞግዚት ለሁሉም ሞግዚት ነውና። በወንጀል ጉዳይ ግን እንዲህ አይደለም።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ የስዊሱ የዣን ግራቨን ሥራ ነው። አንቀጽ 48 አንድ ሰው በዕድሜው፣ በሕመም፣ ከመደበኛው ውጭ በሆነ የዕድገት መዘግየት ወይም በአእምሮ ኀይሎች መዳከም ምክንያት የድርጊቱን ጠባይና ውጤት ለመረዳት፣ ወይም በዚሁ መረዳት ራሱን ለመምራት የማይችል ከሆነ በወንጀል ኀላፊ አይሆንም ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ችሎታው በከፊል ብቻ ለጎደለው ሰው ከፊል ኀላፊነትን ያበጃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም፣ በአዋጅ ቁጥር 414 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው፣ በመሠረቱ ይህንኑ አካሄድ ተከትሏል። እስከዚህ ድረስ ሕጉ ዕድገትንና ሕመምን ለይቶ መጥራቱን በምስጋና መቀበል ይገባል፤ ከፍትሐ ብሔሩ የተሻለ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ወደ አንቀጽ 51 ሲደርሱ ነው። ስለ ተከሳሹ ኀላፊነት ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ማስረጃ እንዲያስቀርብ ታዟል፤ ማስረጃው የግድ የሚሆንባቸው ሁኔታዎችም ተዘርዝረዋል። የአእምሮ መታወክ ምልክት የሚያሳይ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ መስማትና መናገር የተሳነው፣ በመጠጥ ወይም በዕፅ ሥር የሰደደ ስካር ያለበት። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሁሉም የሚታዩ ናቸው። የሚጮኽ፣ የሚወድቅ፣ የማይሰማ፣ የሚንገዳገድ ሰው ለችሎቱ ራሱን ያስታውቃል። በአንቀጽ 48 በስሙ የተጠራው የዕድገት መዘግየት ግን ከዝርዝሩ ቀርቷል። መስማት የተሳነው ሰው ማስተዋሉ ምንም ሳይጎድለው ገብቶ፣ ማስተዋሉ የተወሰነው ሰው ስለማይታይ ቀረ። አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጌታዬ» የሚል ሰው በየትኛው ምልክቱ ይታወቃል? እንዲያውም ብዙዎቹ አለማወቃቸውን መደበቅን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ተምረውታል፤ ያልገባቸውን ገብቶናል ማለት በመንደርም በትምህርት ቤትም ከመሳቂያነት ያተረፋቸው ዘዴ ነው።

በሕጉ መፍትሔ ላይም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። ኀላፊ ያልሆነ ሰው ወደ ሕክምና ወይም ወደ ማቆያ እንዲላክ ሲታዘዝ፣ የእርምጃው ሐሳብ የቆመው ምክንያቱ ሲወገድ እርምጃውም ያበቃል በሚል ነው። ለሕመምተኛ ይህ ተስፋ ነው። ሁኔታው ዕድሜ ልኩን አብሮት ለሚኖር ሰው ግን የማይወገድን ነገር እስኪወገድ መጠበቅ ይሆናል። የሚያሻው መድኀኒት ሳይሆን ትምህርት፣ ድጋፍና ጠባቂ ነው። «ሕክምና» የሚለው ቃል እዚህ ላይ የገባው «ሕመም» የሚለው አስቀድሞ በር ስለ ከፈተለት ነው።

ስለ «ዘገምተኛ» ጥቂት እንበል። ቃሉ ከ«አዘገመ» የወጣ ነው፤ ቀስ ብሎ ሄደ። «ዝግመተ ለውጥ» የሚለው የሳይንስ ስያሜም ከዚሁ ሥር ተወስዷል። ቃሉ ጨዋ በመምሰሉ በአስተማሪዎችና በሐኪሞች ዘንድ ተወድዶ ቆይቷል፤ ብዙ ሳይቆይ ግን በጎዳና ላይ ስድብ ሆነ። የኔ ተቃውሞ ግን ከስድብነቱ ይልቅ በምስሉ ላይ ነው። የሚያዘግም ሰው ይዘግያል እንጂ ይደርሳል። ተከሳሹ ዘገምተኛ ነው የተባለ ዳኛ «ሠላሳ ዓመት ሞልቶት እንዴት አልደረሰም?» ብሎ ቢያስብ ምስሉ የጋበዘውን ነው ያሰበው። ከዚሁ ምስል የሚወለደው ሌላው አነጋገር «የስምንት ዓመት ልጅ አእምሮ ያለው» የሚለው ነው። ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው የስምንት ዓመት ልጅ አይደለም፤ ሠርቷል፣ ቀብሯል፣ ምናልባትም አግብቷል። አነጋገሩ ለርኅራኄ የታሰበ ቢሆንም ዐቃቤ ሕጉ ሰውየው ከብት እንደሚጠብቅ፣ ገበያ ሄዶ ጨው እንደሚገዛ በምስክር ሲያስረዳ ስያሜው በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። የስምንት ዓመት ልጅ ነው የተባለው ሰው ገንዘብ ቆጥሮ ከተገኘ፣ እንግዲያው አስመሳይ ነው ይባላል።

ይህ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስል የእንግሊዝኛውን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣው ሕግ እነዚህን ሰዎች «ኢዲየት»፣ «ኢምቤሳይል»፣ «ፊብል ማይንድድ» እና «ሞራል ኢምቤሳይል» ብሎ በአራት መደባቸው። ዛሬ ማንም ሰው ሳያፍር የማይጠራቸው ቃላት በዘመናቸው የተመዘኑ የሙያ ቃላት ነበሩ። በ1959 በሌሎች ተተኩ፤ ተተኪዎቹም በ1983 ተለወጡ። በአሜሪካም «ሜንታል ሪታርዴሽን» የሚለው ስያሜ፣ የመዘግየትን ምስል የተሸከመና የ«ዘገምተኛ» ወንድም የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 «የሮዛ ሕግ» በተባለው ሕግ ከፌዴራሉ የትምህርት፣ የጤናና የሥራ ሕጎች ወጥቶ «ኢንተለክቹዋል ዲስኤቢሊቲ» ተተካ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2014 በሆል ጉዳይ በሰጠው ፍርድ አዲሱን ስያሜ ተቀበለ። ስያሜን መለወጥ ብቻውን ስድብን አያስቀርም የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ይጠቅሳሉ፤ ልክም ናቸው። ግን ከስድቡ በስተጀርባ ሌላ ነገር አለ፤ በነዚሁ ፍርድ ቤቶች የስያሜው ወሰን የሞትና የሕይወት ወሰን ሆኖ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 በፔንሪ ጉዳይ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ሰው በሞት መቅጣት በሕገ መንግሥቱ አልተከለከለም ብሎ ነበር። በ2002፣ ከቨርጂንያ በመጣው በአትኪንስ ጉዳይ፣ በስድስት ድምፅ በሦስት ተቃውሞ ይህን ሽሮ ቅጣቱን ከለከለ። ማን በስያሜው ውስጥ እንደሚገባ የመወሰኑን ሥራ ግን ለየግዛቶቹ ተወላቸው። ፍሎሪዳ ቍጥር መረጠች፤ በማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተና ከ70 በላይ ያገኘ ሰው ሌላ ማስረጃ ማቅረብ አይችልም አለች። ሆል ያገኘው 71 ነበር። በ2014ቱ ፍርድ፣ ፈተናው ራሱ የሚዛባበት መጠን እያለው አንድን ቍጥር እንደ ግድግዳ ማቆም አይቻልም ተብሎ ይህ ተሻረ። የቴክሳስ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2004 በሰጠው ፍርድ ቍጥርን ትቶ ወደ ሥነ ጽሑፍ ሄደ፤ የግዛቲቱ ሕዝብ ከሞት ሊታደገው የሚስማማው ሰው ማን እንደ ሆነ ለማስረዳት ጆን ስታይንቤክ በ1937 በጻፈው ልቦለድ ውስጥ ያለውን ሌኒን ጠቀሰ። የሥነ ጽሑፍ መምህር የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ትንፋሹን መሰብሰብ ይኖርበታል። ደራሲ ለድርሰቱ የፈጠረው ገጸ ባሕርይ ለሕያዋን የሞት ፍርድ መመዘኛ ሆኖ ተጠቀሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቴክሳስን መመዘኛ ውድቅ ያደረገው በ2017፣ በሙር ጉዳይ ነው። የምስል ስያሜ የሚያመጣው መዘዝ ይህ ነው፤ ፍቺው በሙያ ካልታሰረ ሁሉም በልቡ ካለው ሥዕል ጋር ያስተያየዋል።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ። «ቃል» በአማርኛ ስንት ነገር እንደሚሸከም አንባቢ ያውቀዋል፤ የመዝገበ ቃላት ቃል ነው፣ ተስፋ ነው፣ መሐላ ነው፣ በፖሊስ ጣቢያም የሚሰጥና የሚቀበሉት ነገር ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረው ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም በሚረዳው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግም በአንቀጽ 27 ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ደንግጓል። የማስጠንቀቂያው የተለመደ አማርኛ በግምት እንዲህ ነው፤ «ያለመናገር መብት አለህ፤ የምትናገረው ማንኛውም ነገር በፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብብህ ይችላል።»

ይህን ዐረፍተ ነገር እንደ ቋንቋ ባለሙያ እንፈትሸው። «መብት» ረቂቅ ነው፤ ያውም ያለማድረግ መብት። «ማስረጃነት» ከ«ማስረጃ» የተፈጠረ ረቂቅ ስም ነው። «ሊቀርብብህ» ግን ዋናው ነው። አቅራቢው አይታወቅም፤ ግሡ ባለቤቱን ሸሽጎታል። የማስጠንቀቂያው አደጋ በሙሉ ያለው በአንዲት «ብ» ላይ ነው፤ በእርሷ ፋንታ «ል» ብትገባ፣ «ሊቀርብልህ» ብንል፣ የዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ተገልብጦ ንግግሩ ለተናጋሪው ጥቅም የሚውል ይሆናል። በሙሉ ችሎታ ያለ ሰው እንኳ ተደናግጦ ባለበት ሰዓት ይህችን ፊደል ማጥመዱ ያጠራጥራል። በዋሽንግተንና በቨርጂንያ አካባቢ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚተረጉሙ ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. በ1966 ከተፈረደው ከሚራንዳ ጉዳይ የመጣውን ማስጠንቀቂያ ሲመልሱ ይህችው ፊደል ላይ ይደርሳሉ፤ እንግሊዝኛው «አንተን በመቃወም» የሚል ራሱን የቻለ አነጋገር ስላለው ሸክሙን በግሡ ላይ አይጭንም። ማስጠንቀቂያው ከተነበበ በኋላ «ገባህ?» ይባላል፤ መልሱም «አዎ» ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ስለ መረዳቱ የሚነግረን ነገር የለም።

ጥያቄው ሲቀጥል ሰዋስው ራሱ ወጥመድ ይሆናል። ለአብነት ያህል እኔ ያዘጋጀሁትን አጭር ጥያቄና መልስ እንይ።

— ማታ ሱቁ ጋ አልነበርክም?
— አዎ።
— በሩ ክፍት ነበር አይደል?
— እሺ።
— ገንዘቡን ለምን ወሰድክ?
— አላውቅም።

በአማርኛ ለአሉታዊ ጥያቄ የሚሰጥ «አዎ» ሁለት ፍቺ አለው፤ «አዎ፣ አልነበርኩም» ወይም «አዎ፣ ነበርኩ»። «እሺ» ደግሞ የመስማማት ቃል ሳይሆን የመታዘዝ ቃል ነው፤ ታላቅ ሲናገር ታናሽ የሚመልሰው። ሦስተኛው ጥያቄ መውሰዱን እንደ ታወቀ ነገር አድርጎ ምክንያቱን ብቻ ይጠይቃል። ተጠያቂው «አላውቅም» ሲል ስለ ነገሩ ሁሉ እንደማያውቅ መናገሩ ሊሆን ይችላል። አሁን ይህ ወደ ወረቀት ሲገለበጥ፣ ጥያቄዎቹ ወድቀው መልሶቹ እንደ አንድ ተራኪ ድምፅ ከተጻፉ፣ የሚከተለው ይወጣል፤ «ማታ ወደ ሱቁ ሄጄ፣ በሩን ክፍት አግኝቼ፣ ገብቼ ገንዘቡን ወሰድኩ፤ ለምን እንደ ወሰድኩ አላውቅም።» ተጠያቂው ከሦስት ቃላት በላይ አልተናገረም። የቦዝ አንቀጹ ሰንሰለት፣ «ሄጄ፣ አግኝቼ፣ ገብቼ»፣ የጸሐፊው ነው። ይህ ሰንሰለት ደግሞ በአማርኛ ቅደም ተከተልን ብቻ አይገልጽም፤ አንድ ባለቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድርጊቱን ይዞ መዝለቁን ያሳያል። አስቦ፣ አቅዶ ፈጸመ የሚል ስሜት የሚሰጠው ሰዋስው ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ስር አውራ ጣቱን ያሳርፋል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ በግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ሰውየው ወዲያው ይለቃል፣ ይረሳል፣ ሌላ ይናገራል፤ ወረቀቱ ግን አይለቅም።

ነገሩ ከአብነት ያለፈ መሆኑን ሁለት የታወቁ ጉዳዮች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1972 በለንደን ካትፎርድ ሰፈር አንድ ሰው ተገድሎ ቤቱ ተቃጠለ፤ ሦስት ወጣቶች ተይዘው አመኑ። ታላቁ የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሲሆን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ነበረበት። በኅዳር ወር ተፈረደባቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው በ1975 ነው። የፍርዱን ዐይነት ልብ እንበል፤ ታላቁ የተፈረደበት በግድያ ሳይሆን ኀላፊነቱ የተቀነሰ ነው ተብሎ በቀለለው ወንጀል ነበር። ፍርድ ቤቱ ሁኔታውን ዐወቀለት፤ ቅጣቱንም አቃለለለት፤ ቃሉን ግን አመነው። ስለ ድርጊቱ ሲጠይቅ ያየውን ውስንነት ስለ ቃሉ ሲጠይቅ አላየውም፤ ድርጊቱንም ሰውየው አልፈጸመውም ነበር። የእኛ አንቀጽ 48 እና 49 የተሠሩበት ሐሳብም ከዚህ አይርቅም። በእንግሊዝ ግን በጉዳዩ ላይ የተደረገው ምርመራ በ1977 ተጠናቅቆ፣ ንጉሣዊ ኮሚሽን ተከትሎት፣ በ1984 ስለ ፖሊስና ስለ ወንጀል ማስረጃ የወጣው ሕግና መመሪያው እንዲህ ያለ ሰው ሲመረመር ከፖሊስ ወገን ያልሆነ ጎልማሳ አብሮት እንዲገኝ አዘዘ።

ሁለተኛው ከቨርጂንያ ነው። በ1983 የተያዘ አንድ የእርሻ ሠራተኛ የሴት ግድያ መፈጸሙን አመነ። ሟችቱ ጥቁር ናት ወይስ ነጭ ተብሎ ሲጠየቅ «ጥቁር» አለ፤ ነጭ ነበረች፤ እንደገና ሲጠየቅ መልሱን ለወጠ። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ወጋኋት አለ፤ የተወጋችው 38 ጊዜ ነበር። በ1984 ሞት ተፈረደበት፤ በ1985 ሊገደል ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ታገደለት። የዘር ቅንጣት ምርመራ ነጻ አውጥቶት በ2000 ምሕረት ተሰጠው፤ ከእስር የወጣው በ2001 ነው። እንደገና የተጠየቀ ጥያቄ ለርሱ የመጀመሪያው መልስ ስሕተት ነው የሚል ምልክት ነበር። የአትኪንስን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ስቲቨንስም እነዚህ ሰዎች ያልሠሩትን ሠራን የማለት አደጋ እንዳለባቸው በፍርዱ ውስጥ አስፍረዋል።

ስለ ስያሜው የኔ አቋም ይህ ነው። «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት» የሚለው፣ በወላጆች ማኅበራትና በልዩ ፍላጎት ትምህርት የተለመደው፣ በሕግ አማርኛም ብቸኛው ስያሜ ይሁን። ፍጹም አይደለም። «አእምሮ» አሁንም አለበት፤ «ዕድገት»ም ገና ይቀጥላል የሚል ጥርጣሬ ይፈጥራል። ሆኖም ሕመምን አያስገባም፤ ውስንነት ደግሞ ወሰንን እንጂ መዘግየትን አያሳይም። የዓለም ጤና ድርጅት በዐሥራ አንደኛው የበሽታዎች መለያው የመረጠው ስያሜም «ዕድገት»ን ይዟል። «ያለበት» ወይስ «ያለው» በሚለው ላይ ክርክር ሰምቻለሁ፤ «ዕዳ አለበት»፣ «ዕውቀት አለው» እንደምንል «በ» ሸክምን ያመለክታልና «ያለው» ይከበር ይባላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን «ውስንነት ያለው» ለጆሮዬ ስለ ዕቃ የተነገረ ይመስለኛል፤ በዚህ ማንንም አልጣላም። በ«ሕመምተኛ» መተካቱን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። «ጉድለት» የቆዩ ሕጎችን ለመጥቀስ ብቻ ይቅር፤ «ዘገምተኛ» ይውጣ።

ማስጠንቀቂያው እንደሚከተለው ሊነገር ይችላል። «እኔ ፖሊስ ነኝ። ስለ ማታው ነገር ልጠይቅህ ነው። መናገር ካልፈለግህ አትናገር። ዝም ብትል ማንም አይቀጣህም። የምትነግረኝን እጽፈዋለሁ። ዳኛው ያነብበዋል። ዳኛው ያንን አንብቦ ሊያስርህ ይችላል።» አንዱ ዐረፍተ ነገር ሰባት ሆነ፤ አድራጊዎቹ ግን በየስማቸው ተጠርተዋል፤ «ብ» የተሸከመችው አደጋም «ሊያስርህ» ተብሎ ተነግሯል። ቀጥሎ «ገባህ?» ሳይሆን «እስቲ የነገርኩህን አንተ ንገረኝ» ይባላል። ተጠያቂው ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ከሆነ «አንተ» በ«እርስዎ» ይለወጥ። የዐረፍተ ነገር ማጠር ሰውን ልጅ ማድረግ አይደለም፤ በየመንደሩ ሽማግሌውን «አንተ» የሚያስብለው ያው የስምንት ዓመቱ ምስል ነው።

የመጨረሻው የተርጓሚዎች ጉዳይ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ሕግ በመርማሪና በተጠያቂ፣ ወይም በጠበቃና በምስክር መካከል ሆኖ ጥያቄውን በሚገባ አነጋገር የሚያቀርብ፣ መልሱንም የሚያስረዳ ባለሙያ አበጅተዋል። ለዚህ ባለሙያ በአማርኛ «አግባቢ» የሚል ስያሜ ሲታሰብ ሰምቻለሁ። ከ«ገባ» መውጣቱ ያምራል፤ ነገር ግን «አግባብቶ ቃል ተቀበለው» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ለጣቢያ የማይሆን ቃል ነው። «አስረጂ» ከማስረጃ ጋር ይምታታል። «የንግግር ረዳት» ግልጽ ስለ ሆነ የተሻለ ይመስለኛል፤ የተሻለ ያለው ያቅርብ።

ለዚህ ሥራ የግድ አዲስ ሕግ መጠበቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 13 የፍትሕ ሥርዐቱ ለነዚህ ሰዎች እንዲመች ሆኖ እንዲስተካከል ያዛል። የ1954ቱ ሥነ ሥርዐት ሕግ አንቀጽ 27 ደግሞ መልሱ የሚጻፍበትን ቋንቋ በሚገባ ለማይረዳ ሰው ብቁ አስተርጓሚ እንዲሰጠው አዝዟል፤ አስተርጓሚውም የጥያቄውንና የመልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ። ይህ ድንጋጌ ሲነበብ የኖረው አማርኛ ለማያውቅ ሰው እንደ ተጻፈ ተደርጎ ነው። አማርኛ አፉን የፈታበት ሆኖ የመዝገቡን አማርኛ በሚገባ የማይረዳ ሰው መኖሩን ከተቀበልን፣ «ቋንቋ» የሚለውን ቃል የአገር ቋንቋ ብቻ አድርጎ ከመፍታት ልማድ በቀር ለርሱም እንዳይሆን የሚከለክል ነገር በአንቀጹ ውስጥ አይታየኝም።